ጋላፓጎስ፦ ከሰው የማይሸሹ እንስሳት ደሴቶች

እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከእኛ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ገብተው ነበር፤ ከኢኳዶር ደግሞ የጋላፓጎስ ደሴቶች። ሰሜንን በወጣትነቴ በእግሬ ዞሬዋለሁ። ጭላዳው ሣር ሲነጭ፣ ዋልያው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት አይቻለሁ። በዚያው ዓመት የተመዘገበውን ሌላውን ፓርክ የማየት ምኞቴ የተሳካው ግን በዚህ ሐምሌ ነው። አብራኝ የተጓዘችው ታላቅ እህቴ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በነርስነት አገልግላ በቅርቡ ጡረታ ወጥታለች፤ የምትኖረውም ቶሮንቶ ነው። እንደ ልጅነታችን ዛሬም እትዬ እላታለሁ።

ደሴቶቹ የሚገኙት ከኢኳዶር ጠረፍ በስተምዕራብ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ነው። ከየብስ ጋር ተያይዘው አያውቁም። ከምድር ጥልቀት የሚወጣ ግለት አለቱን እያቀለጠ፣ ከባሕር ወለል ተነሥቶ አየር እስኪነካ ድረስ ከምሮ ሠራቸው። የተቀመጡበት የምድር ቅርፊት ደግሞ በዝግታ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ ስለዚህ በምሥራቅ ያሉት ያረጁና የተሸረሸሩ፣ በምዕራብ ያሉት ገና በመሠራት ላይ ያሉ ናቸው። የእኛ መርከብ መንገድ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ወጣቶቹ የሚሄድ ነበር።

እሑድ፦ ባልትራና ኖርዝ ሲሞር

ፍተሻው የሚጀምረው ገና ከኢኳዶሯ የጓያኪል ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የሚፈለገው ፍራፍሬ፣ ዘርና አፈር ነው። የእትዬ የገብስ ቆሎ ከሁሉም ሻንጣ በላይ ጊዜ ወሰደ፤ ተቆጣጣሪዋ ከረጢቱን ከፍታ አሸተተችው፣ ጥቂት ፍሬ መዳፏ ላይ አድርጋ አገላበጠችው፣ ተቆልቶ እንደሆነና ሊበቅል እንደማይችል ስታረጋግጥ መለሰችላት። ይህ ጥንቃቄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን እነዚህን ደሴቶች ከእሳተ ገሞራው ይልቅ የጎዳቸው በሰው ሻንጣና በመርከብ ሆድ የገባው ባዕድ ሕይወት ነው፤ ፍየል፣ አሳማ፣ አይጥ፣ ዘይቱና፣ እንጆሪ መሰል እሾኻማ ሐረግ፣ የወፍ ጫጩት ደም የሚመጥ ዝንብ።

ባልትራ ስንደርስ ለፓርኩ መግቢያ ለሰው 200 ዶላር ከፈልን። እስከ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ድረስ 100 ዶላር ነበር። ባልትራ ራሷ ደረቅና ጠፍጣፋ ደሴት ናት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ አየር ኃይል ሠፈር ስለነበረች የሲሚንቶ መሠረቶች አሁንም ይታያሉ።

የተሳፈርንባት መርከብ አነስተኛ ናት። አሥራ ስድስት መንገደኞችና አንድ አስጎብኚ ነበርን፤ ፓርኩ ለአንድ አስጎብኚ የሚፈቅደው የሰው ቁጥርም ከዚህ አይበልጥም። አስጎብኚያችን ሳንታ ክሩዝ ደሴት ላይ ተወልዶ ያደገ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ሕጉን ባጭሩ ነገረን፦ ከተከለለው መንገድ አትውጡ፣ ከእንስሳ ሁለት ሜትር ራቁ፣ እንስሳው ራሱ ወደ እናንተ ከመጣ እናንተ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ድንጋይም ሆነ ዛጎል፣ አሸዋም ቢሆን፣ ምንም አትውሰዱ።

ኖርዝ ሲሞር ላይ ከጎማ ጀልባዋ ወርደን ጥቁሩን ድንጋይ እንደ ረገጥን ሕጉን ለመጠበቅ የተቸገርነው እኛ ሆንን። የባሕር አንበሳ ግልገል መንገዱ መካከል ተጋድሞ እናቱን እየጠበቀ ነው፤ ዞረን አለፍነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ሰማያዊ እግር ያላቸው ቡቢ የሚባሉ ወፎች ይጫወታሉ። ወንዱ ከእኔ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ መጀመሪያ ቀኝ እግሩን፣ ቀጥሎ ግራ እግሩን በዝግታ አንሥቶ ለሴቷ አሳያት። ከዚያም ክንፉን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ምንቃሩን ወደ ሰማይ ቀስሮ አፏጨ። ሴቷ ለጊዜው ፊቷን አዞረች። አስጎብኚው እንዳስረዳን የእግሩ ቀለም የሚመጣው ከሚበላው ትኩስ ዓሣ ነው፤ ጥቂት ቀናት ቢራብ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሴቷ የምታየው ውበቱን ብቻ ሳይሆን ጤንነቱንና ዓሣ የማጥመድ ችሎታውን ነው።

በዚህ ደሴት ላይ ኢጓና የተባሉ ትልልቅ ቢጫ የምድር እንሽላሊቶችም አሉ። የመጡት ከባልትራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጥቂቶቹን ወደዚህ ያሻገሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባልትራ ላይ የቀሩት ኢጓናዎች በሙሉ አለቁ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ባልትራ እንደገና ኢጓና ያገኘችው ከእነዚሁ ስደተኞች ዘር ነው።

ሰኞ፦ ባርቶሎሜና ሳሊቫን ቤይ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሥተን የባርቶሎሜን ጉብታ ወጣን። ከ370 በላይ የእንጨት ደረጃዎች አሉት፤ የተሠሩትም ልል የሆነው የእሳተ ገሞራ አመድ በእግር እየተናደ እንዳያልቅ ነው። እትዬ በየማረፊያው እየተቀመጠች ወጣች። ከላይ የሚታየው ቀይ፣ ቡናማና ጥቁር ምድር፣ ተደርድረው የበረዱ ትናንሽ የእሳተ ገሞራ አፎች፣ ጀርባና ጀርባ የሆኑ ሁለት የባሕር ዳርቻዎች፣ በዳር ደግሞ ሹሉ የፒናክል አለት ነው። በዚያ ሁሉ አመድ ላይ የበቀለው ግራጫ ቅጠል ያለው አንድ ትንሽ ተክልና አልፎ አልፎ ጣት የሚያህል ቁልቋል ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ወዳለው የሳንቲያጎ ደሴት ተሻግረን በሳሊቫን ቤይ የላቫ ሜዳ ላይ ተራመድን። ላቫው የፈሰሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፤ ግን ትናንት የበረደ ይመስላል። የላይኛው ንጣፍ ቀድሞ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ያለው መፍሰሱን ስለሚቀጥል ላይኛው ይሸበሸባል፤ የፈላ ወተት ላይ እንደሚሠራው ሽፋን። ኤርታ አሌን ያየ ኢትዮጵያዊ እዚህ እንግዳ አይሆንም። አፋር ላይም እንዲሁ በቀላሉ የሚፈስ፣ ባዛልት የተባለ ቅልጥ አለት ነው ሰፊ፣ ዝቅተኛ፣ እንደ ጋሻ የተዘረጋ ተራራ የሚሠራው። ልዩነቱ አፋር ላይ ምድር እየተሰነጠቀች መሆኗ ነው፤ እዚህ ግን ቅርፊቱ ከግለቱ በላይ ይንሸራተታል። ጎንበስ ብዬ መዳፌን አለቱ ላይ አሳረፍኩ፤ ከውስጡ እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነገሮች ያበራሉ፣ ጠርዙም ይቆርጣል።

በላቫው ሜዳ ላይ ከመራመዳችን በፊት የመተንፈሻ ቱቦና የውኃ መነጽር አድርገን ስንዋኝ አንድ ፔንግዊን ከፊቴ አለፈ። ቁመቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ፔንግዊን ማለት የበረዶ ወፍ ነው ብሎ ላደገ ሰው በምድር ወገብ ላይ ማየቱ ይገርማል፤ የሚያኖረው ከደቡብ የሚመጣው የሐምቦልት ቀዝቃዛ ጅረትና በምዕራብ በኩል ከጥልቀት የሚወጣው ውኃ ነው። ይህ ቅዝቃዜ ሲቀር ፔንግዊኑም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1983 ባሕሩን ባሞቀው ከባድ ኤልኒኞ ከጋላፓጎስ ፔንግዊኖች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል።

ማክሰኞ፦ ፑንታ ቪሴንቴ ሮካና ፈርናንዲና

ሌሊቱ ከባድ ነበር። በሐምሌ ባሕሩ ይነሣል፤ መርከቧ የኢሳቤላን ሰሜናዊ ጫፍ ስትዞር የምድር ወገብን ወደ ሰሜን ተሻግራ ንጋት ላይ ወደ ደቡብ ተመለሰች። ኢሳቤላ ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቋ ናት፤ ስድስት እሳተ ገሞራዎች አድገው ተጣብቀው ሠርተዋታል። ከእነዚህ ከፍተኛው ቮልፍ 1,707 ሜትር ይደርሳል።

ጠዋት ቪሴንቴ ሮካ ላይ፣ ግማሹ ተደርምሶ ባሕር ከገባ ተራራ ሥር ዋኘን። ውኃው በጣም ይቀዘቅዛል። የባሕር ኤሊዎች በየቦታው አሉ፤ አንዱ አለት ላይ የበቀለውን አልጌ ሲግጥ ከጎኑ ለረጅም ጊዜ ተንሳፍፌ ተመለከትኩት።

ፈርናንዲና ግን ሌላ ነገር ናት። ከደሴቶቹ መካከል በዕድሜ ታናሽ ከሆኑት አንዷ፣ ባዕድ አጥቢ እንስሳ ያልገባባት፣ ሰውም የማይኖርባት ናት። ላ ኩምብሬ የተባለው ተራራዋ በመጨረሻ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ነው። ለጎብኚ የተፈቀደችው ፑንታ ኤስፒኖሳ የምትባል ጠባብ የላቫ ምላስ ብቻ ናት።

ከጀልባዋ ስንወርድ አለቱ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። የባሕር ኢጓናዎች ናቸው። በመቶ የሚቆጠሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ተኝተዋል። ከዓለም እንሽላሊቶች ሁሉ ምግቡን ከባሕር የሚያወጣ ይህ ዘር ብቻ ነው። ትልልቆቹ ወንዶች ጠልቀው የባሕር ወለል ላይ ያለውን አልጌ ይግጣሉ። ደማቸው በቀዝቃዛው ውኃ ስለሚበርድ ወጥተው ጥቁር ገላቸውን ለፀሐይ ማስጣት አለባቸው። ከምግቡ ጋር የገባውን ጨው ደግሞ በአፍንጫቸው እፍ ብለው ይተፉታል። አንዱን ተጠግቼ፣ ሕጉ በሚፈቅደው ርቀት ተቀምጬ አየሁት፤ ግንባሩ ላይ የደረቀው ጨው ነጭ ቅርፊት ሠርቷል፣ አንገቱ ላይ ያሉት እሾኾች ጫፋቸው ተሸራርፏል፣ የፊት ጥፍሮቹ ረጃጅምና ጥምዝ ናቸው። በማዕበል መካከል አለቱን ቆንጥጦ የሚይዘው በእነዚያ ነው። ጀርባው ላይ ትንሽ የላቫ እንሽላሊት ወጥታ ዝንብ ታሳድዳለች፤ እሱ ዓይኑን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

ስለእነዚህ ኢጓናዎች ከሰማሁት ሁሉ የገረመኝ ይህ ነው፦ ኤልኒኞ መጥቶ አልጌው ሲጠፋ አካላቸው ያጥራል። መክሳታቸው አይደለም፤ ርዝመታቸው ራሱ ይቀንሳል፣ አንዳንዶቹ እስከ 20 በመቶ። ምግብ ሲመለስ እንደገና ያድጋሉ። እትዬ ነርስ ናትና አላመነችም፤ አስጎብኚውን አጥንት እንዴት ያጥራል እያለች ያዘችው። እሱም የለኩ ተመራማሪዎች ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳተሙ ነግሮ አሳመናት።

ከላቫ ምላሷ ጫፍ ላይ ኮርሞራንት የተባለው መብረር የማይችል የባሕር ወፍ አለ። በዓለም ላይ ያለው እዚህና በኢሳቤላ ዳርቻ ብቻ ነው። አዳኝ በሌለበት ደሴት መብረር ጥቅም ስላጣ፣ ክንፉ በትውልድ ብዛት አንሶ አንሶ ለበረራ ከሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ቀርቷል። ወንዱ ከባሕር ወጣ፤ በምንቃሩ ቀይ የባሕር ሣር ይዟል። በእነዚያ በተቦጫጨቁ ክንፎቹ ሚዛኑን እየጠበቀ፣ እየዘለለ በኢጓናዎቹ መካከል አልፎ ጎጆዋ ላይ ለተኛችው ሴት ሰጣት። እሷም ተቀብላ፣ አገላብጣ አይታ፣ ከጎኗ ሰካችው። ዓይኖቿ ጥርት ያለ ሰማያዊ ናቸው። ከዚህ በፊት በማንም ወፍ ላይ እንዲህ ያለ ዓይን አላየሁም።

ረቡዕ፦ ኡርቢና ቤይና ታጉስ ኮቭ

ኡርቢና ቤይ ላይ በባሕር ወለል ላይ ነው የምትራመደው። እ.ኤ.አ. በ1954 ከሥር ያለው ቅልጥ አለት ገፍቶት የባሕሩ ወለል ከ4 ሜትር በላይ ወደ ላይ ተነሣ፤ ዓሣዎችና የባሕር ኤሊዎች ደረቅ ላይ ቀሩ። ዛሬ ቁጥቋጦ በቅሎበታል። በመካከሉ ግን ሰው የሚያህሉ የኮራል ጉብታዎች ነጥተው ቆመዋል፣ የዛጎል ቅሪትም ተጣብቆባቸዋል። ምድር እንዲህ በአንድ ጊዜ ብድግ ማለቷን መስማትና ማስረጃው መካከል መቆም በጣም ይለያያል።

ታጉስ ኮቭ የድሮ መርከበኞች መጠለያ ነው። ገደሉ ላይ የመርከቦቻቸውን ስም ጽፈዋል፤ ከሚነበቡት ጥንታዊው እ.ኤ.አ. የ1836 ዓመትን ይዟል። ብዙ ጎብኚ ይህን እንደ ታሪክ ፎቶ ያነሣዋል። እኔን ግን አላስደሰተኝም። እዚህ የቆሙት መርከቦች ዓሣ ነባሪ አዳኞች ነበሩ፤ ግዙፎቹን የየብስ ኤሊዎች በሕይወት እየጫኑ ለወራት ያለ ምግብና ውኃ መርከብ ሆድ ውስጥ ያከርሙና ሥጋ ሲያምራቸው ያርዷቸው ነበር። በዚህ ሁኔታ ያለቁት ከ100 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይገመታል።

ሐሙስ፦ ፖርቶ ኤጋስ፣ ሳንቲያጎ

ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 ወደ ጋላፓጎስ ሲመጣ በዚህ ደሴት ላይ ከአንድ ሳምንት በላይ ሠፍሯል። የምድር ኢጓናው ጉድጓድ ከመብዛቱ የተነሣ ድንኳን የሚተክልበት ቦታ ማግኘት አስቸግሮት እንደነበር ጽፏል። ያ ሁሉ ኢጓና በኋላ ከሳንቲያጎ ፈጽሞ ጠፋ። አሳማው እንቁላሉን ቆፍሮ በላ፤ ፍየሉ ቅጠሉን ጨረሰ።

የፍየሎቹን ነገር አስጎብኚው በዝርዝር ነገረን። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2006 በተካሄደው ዘመቻ ከዚህ ደሴትና ከሰሜን ኢሳቤላ ከ140 ሺህ በላይ ፍየሎች ተወገዱ። በመጨረሻም ተደብቀው የቀሩትን ለማግኘት ሬዲዮ አንገታቸው ላይ የታሰረላቸውን ፍየሎች ይለቁ ነበር፤ ፍየል ብቻውን መኖር ስለማይወድ ጓደኞቹን ፈልጎ ያገኛል፣ ሄሊኮፕተሩም ይከተለዋል። እትዬ ዝም አለች። ያደግነው ፍየል ባለበት ግቢ ነው። በኋላ ብቻችንን ስንሆን «ልክ ነው አልልህም፤ ስህተት ነውም ለማለት አልችልም» አለችኝ። እኔ ልክ ነው እላለሁ። በጨካኝነት ሳይሆን፣ ሌላ ቦታ የማይገኘው ኤሊ ከጠፋ የሚተካው ስለሌለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከ1,400 በላይ የምድር ኢጓናዎች ከኖርዝ ሲሞር ተጭነው እዚህ ተለቀቁ። ማለት፣ እሑድ ያየናቸው የእነዚያ ስደተኞች ዘመዶች አሁን ሁለተኛ ደሴት እያቀኑ ነው።

ሰሜንን ያሰብኩት እዚህ ነው። ጋላፓጎስ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። የእኛው ሰሜን እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 እዚያው ዝርዝር ላይ ቆይቷል። በሁለቱም ቦታ ከችግሮቹ አንዱ ሰውና ሰው ያመጣው እንስሳ ከዱር ሕይወቱ ጋር መጋጨታቸው ነበር። ነገር ግን ሳንቲያጎ ላይ ፍየሉ የማንም አልነበረም። ሰሜን ላይ በጉም ፍየሉም የገበሬው ነው፣ ገብሱም የልጆቹ እንጀራ ነው፤ የጊች ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ስለዚህ ጋላፓጎስን አይቶ «እንደነሱ ብናደርግ» ብሎ መናገር ይቀላል፤ እኛ ዘንድ ግን ዋጋውን የከፈለው ሰው ነው፣ ያም ሰው ከፓርኩ ገቢ ድርሻውን በተጨባጭ ማግኘት አለበት።

ዓርብ፦ ሳንታ ክሩዝ

ደጋው ጭጋግና ካፊያ ነው፤ ለእኛ የሐምሌ ሰው የሚናፍቅ አየር። በእርሻዎቹ ሣር ውስጥ ግዙፎቹ ኤሊዎች ይግጣሉ። የአንዱን አጋጋጥ ለመስማት ዝም ብለን ቆምን፦ አንገቱን ዘርግቶ ሣሩን ይነክሳል፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ስቦ ይገነጥላል፣ ይውጣል፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ያወጣል። ከመቶ ዓመት በላይ የሚኖር ፍጡር ነውና ችኮላ የለበትም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፖርቶ አዮራ ከተማ ወርደን የኤሊ ማራቢያ ማዕከሉን ጎበኘን። የፒንታ ደሴት የመጨረሻው ኤሊ ጆርጅ የሞተው እዚህ ነው፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2012። ገላው እንዳይበላሽ ተደርጎ በመስታወት ክፍል ውስጥ ቆሟል። ነገር ግን ከእሱ ይልቅ ልቤን የያዘው የኤስፓኞላ ደሴት ኤሊዎች ታሪክ ነው። ቀርተው የነበሩት 14 ብቻ ነበሩ፤ 12 ሴትና 2 ወንድ። ከሳንዲዬጎ የእንስሳት ማቆያ ዲዬጎ የተባለ ሦስተኛ ወንድ ተጨመረላቸው፣ ከእነዚህ 15 ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ተወልደው ወደ ደሴታቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወላጆቹም ራሳቸው ወደ አገራቸው ገቡ። ማቆያው ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ጀርባቸው ላይ በቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። አይጥ ሊበላቸው የማይችልበት መጠን እስኪደርሱ ድረስ ይጠበቃሉ።

ከተማዋ ውስጥ ዓሣ የሚሸጥበት ጠረጴዛ አጠገብ የባሕር አንበሳ ተቀምጦ ቁራጭ ሲጠብቅ አየን፤ ሻጯ በክንዷ ገፋ አድርጋው ሥራዋን ቀጠለች። በደሴቶቹ የሚኖረው ሕዝብ ወደ 30 ሺህ ይጠጋል። ከየብሱ 97 በመቶው ፓርክ ስለሆነ ሁሉም የሚኖረው በቀረው 3 በመቶ ላይ ነው። አስጎብኚውን ይህ አይከብዳችሁም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ይከብዳል፤ መሬት የለም፣ ሁሉም ነገር በመርከብ ነው የሚመጣው። ግን አስጎብኚ መሆን የሚችለው የዚህ ነዋሪ ብቻ ነው። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እኔ ልጆቼን የማስተምረው በእነዚህ እንስሳት ነው» አለኝ።

ቅዳሜ፦ መመለሻ

ንጋት ላይ የጎማ ጀልባዋ ሞተሯን አጥፍታ በማንግሮቭ ዛፎች መካከል ገባች። ከሥራችን ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው ጠፍጣፋ ዓሣዎች በሰልፍ አለፉ፣ ትናንሽ ሻርኮችም ተከተሉ። ረፋድ ላይ ባልትራ ነበርን።

መሄድ ለሚያስብ ሰው፦ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ባሕሩ ቀዝቃዛና ነውጠኛ ነው፣ ለማቅለሽለሽ የሚሆን መድኃኒት ይያዝ፤ እንስሳቱ ግን በብዛት የሚበሉበትና የሚንቀሳቀሱበት ወቅት ነው። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ውኃው ይሞቃል፣ ዝናብም ይጥላል። መርከብ ውድ ነው፤ ሳንታ ክሩዝ ላይ በእንግዳ ማረፊያ እያደሩ በቀን ጉዞ ብዙ ማየት ይቻላል፣ ፈርናንዲናን ግን በዚያ መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ምዕራቡን አስቀድማለሁ። በምሥራቅ በኩል ያለችው ኤስፓኞላ ደግሞ ከሚያዝያ እስከ ታኅሣሥ አልባትሮስ የተባሉ ትልልቅ የባሕር ወፎች ጫጩት የሚፈለፍሉባት ናት፤ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ያልፋል። እትዬ ለዚያ ከአሁኑ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምራለች።